አዲሱ ክሪስታልና የነጋሳ ስም

ናዝሬት፣ የካቲት 14 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ብዙነህ፤

የድሬስደን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔና መሰለች ደህና ነን። ልጅህ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ ለትምህርት ወደዚያው የምትመጣው ዘመናይ በእጅህ ትሰጥሃለች። አንብበህ ቅደደው። ግራ ገብቶኛል።

የላክኸውን፣ የማሽኑን ፍጥነት የሚወስነውን ትንሽ ክሪስታል የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ገጠምኩት። የድሮውን ነቅዬ በቦታው ተካሁት፣ ልክ እንደጻፍክልኝ። «የማሽኑ ልብ ምት ከስድስት ወደ ስምንት ይወጣል፤ ባሱም አብሮ ይፈጥናል» ስትል እኔ ሞኟ የአዋሳው አውቶቡስ መስሎኝ ነበር። በአንጎሉና በዲስኩ መካከል ያለው መንገድ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። እውነትም ፈጠነ፤ አራት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በሦስት አለቀ።

ሥራው ግን ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠሩት የመንግሥት እርሻችን ወጣት ሠራተኞች ዝርዝር ነበር። መዝገቡ ላይ 340 ስም አለ፤ ማሽኑ ያተመው 339። የጎደለው ነጋሳ ነው፤ ዓለም ጤና ባለው እርሻችን ሽንኩርት የሚያጠጣው፣ የጽዳት ሠራተኛችን የእማማ ሽታዬ ልጅ። ታላቅ ወንድሙ ከሰሜን አልተመለሰም።

እማማ ሽታዬ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ መጥተው ጉልበቴን ሳሙ።

«አንቺ ነሽ ያወጣሽው፤ እመብርሃን ከክፉ ታውጣሽ!»

«እኔ አይደለሁም እማማ፤ ማሽኑ ነው።»

«ማሽን ያዝናል እንዴ ልጄ?»

ከጉልበቴ ላይ አነሳኋቸው።

አለቃዬ ጓድ ሰብስቤ ግን ቆጥሮ ኖሯል። «አንድ ሰው ጎድሏል። ዛሬውኑ ደግመሽ አትሚ» አለኝ። ብቻዬን ሆኜ ሞከርኩት። አንዴ ሙሉውን አወጣ፤ አንዴ የሌላ ሰው ስም ዋጠ፤ አንዴ ነጋሳን መልሶ ዋጠ። አንጎሉ ፍጥነቱን ቢችለውም ስሞቹን ከዲስኩ የሚያነበው ካርድ አልቻለውም መሰለኝ። የድሮውን ክሪስታል ብመልሰው ከሰዓት በኋላ ትክክለኛው ዝርዝር ይወጣ ነበር። ይህን አውቅ ነበር፣ ብዙነህ።

ለጓድ ሰብስቤ ያልኩት ሌላ ነው። «ማሽኑ ግሏል። አንድ ሙሉ ቀን ካልቀዘቀዘ ይቃጠላል» አልኩት። እሱ መስኮቱን ከፈተለትና ወጣ። እማማ ሽታዬ ወለሉን እየወለወሉ ነበር፤ ሰምተዋል። ባልዲያቸውን እዚያው ትተው ሄዱ።

በማግስቱ የድሮውን ክሪስታል መልሼ 340ውንም አተምኩ፤ ነጋሳም አለበት። ሊወስዱት ዓለም ጤና ሲሄዱ ግን ልጁ የለም። በቡልቡላ መስመር ወደ ደቡብ ሸሸ ይላሉ። አሁን በእሱ ፋንታ ሌላ ሰው ይወሰድ ይሆን? የሌሎቹን የ339ኙን ወጣቶች እናቶች እኔ አላውቃቸውም። ደግ ሠራሁ ወይስ በደልኩ? ማታ አንዱን እላለሁ፣ ጠዋት ሌላውን።

ጓድ ሰብስቤ እንደ ባለሙያ ሊጠይቅህ ጽፎልሃል፤ በታይፕ የመታሁለትም እኔው ነኝ። «ኮምፒውተር ለመቀዝቀዝ ሙሉ ቀን ይፈልጋል ወይ?» ይላል።

እግዚአብሔር ከብርዱም፣ ከሰው ዓይንም ይሰውርህ፤ ለአገርህ አፈር በሰላም ያብቃህ። መልሱን ግን አታዘግይ። ይፈልጋል በልልኝ።

ያንተው ወርቅውሃ