ለብርቄ የዘራሁት ራስ ክምር

ጥር 14፣ ጠዋት

የጓሮዬን መደብ አጠጣሁ። እስካሁን ምንም የለም። አፈሩ ጥቁር፣ እርጥብ።

ደብተሬ፣ ይህን ለሰው አልተናገርኩም። ባለቤቴ ብርቄ ታማ አልጋ ላይ ሳለች መቃብሬ ላይ ሲሚንቶ እንዳትጭኑብኝ ብላኝ ነበር። ራስ ክምር አበባ ይብቀልብኝ፣ እሱ አጠጡኝ አይልም አለች። ወደ የቡ ከሚወስደው መንገድ ዳር የለቀመችውን ዘር በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። እሺ አልኳት። ልጃችን መሠረት ለሙት ዓመቷ መቃብሩን ሴራሚክ ላልብሰው ስትል ግን ዝም አልኩ። የእድር ሰው ሚስቱን ሣር ላይ ጣላት እንዳይለኝ።

ጥር 23

ቆፍሬ አየሁት። ዘሩ በስብሷል። ዕድሜዬን የቡና ችግኝ ሳፈላ ኖሬ ይህንም እንደ ቡና ያዝኩት። ቀበርኩት፣ ሣር ጎዘጎዝኩበት፣ ዳስ ሠራሁለት፣ ጠዋት ማታ ውኃ። ማዘን ነበረብኝ። ቁጭ አልኩ ብቻ። ዳዊቴን ገለጥኩ፤ ዐይኔ መስመሩን አልያዘም።

ጥር 25

ጎረቤቴ አባ ፊጣ በአጥር በኩል አይቶ ሳቀብኝ። ኦቦ ታደሰ፣ ዓሣ ሊያረቡ ነው እንዴ? ወላሂ ገደል ላይ ሲበቅል ማን አጠጣው? ዘር ከተረፈዎ ላዩ ላይ በትነው ይተዉት አለኝ። ጨርቁ ውስጥ አንድ ቁንጥር ቀርቷል።

የካቲት 1

በተንኩ። አላለበስኩትም። ዳሱን አፈረስኩ። አፈሩን ትንሽ አረጠብኩና ለፀሐይ ተውኩት። እጄ ማጠጫውን ይፈልጋል። ብርቄንም መጨረሻ ላይ እንዲሁ አድርጌያታለሁ። ጠጪ፣ ትንሽ ጠጪ። ተወኝ እስቲ ትለኝ ነበር።

የካቲት 16፣ ከሰዓት

በቀለ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ቅጠል፣ ሁለት ሁለት። እግ/ር ይመስገን አልኩ፤ ከአፌ ብቻ ወጣ። መሠረት ደውላ የሴራሚኩን ቀለም ጠየቀችኝ። አንቺ የወደድሽው ይሁን አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አፈርኩ።

መጋቢት 8

ከቤ/ክ መልስ። መቃብሯ አጠገብ አሸዋ ተራግፏል። ግንበኛው ነገ ይጀምራል። ችግኞቹ አራት አራት ቅጠል ይዘዋል። ለመንቀል ገና ናቸው። አንዴ ሲሚንቶ ከተጫነባት ግን ማን ያነሣዋል?

መጋቢት 9፣ ማታ

ጠዋት መሠረት ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ዓመት ሙሉ ደበቅከኝ? አለች። ቆይታ፣ አባዬ፣ ሰው ምን ይለናል? ይበል አልኳት። ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች፣ አብረን ሄድን። ግንበኛውን ይቅርታ ጠይቀን መለስነው። አጉረመረመ።

ከቤት ይዤ የሄድኩትን ችግኞች ከነአፈራቸው መቃብሯ ላይ ተከልኩ። መሠረት እየተቆጣችም ድንጋዩን ለቀመችልኝ። አንዴ አጠጣኋቸው። ነገም ልታጠጣ ልትመጣ ነው? ብላ ጠየቀችኝ፤ ስለምታውቀኝ አታምነኝም።

ቤት እንደገባሁ ማጠጫውን በአጥሩ ላይ ለአባ ፊጣ አቀበልኩት።