አይሰማም

ሰኔ 24

«ይሄ ውሻ አይሰማም!»

አሸብር ነው፣ አከራዬ። ከበቆሎው ማሳ ጭቃውን እየጎተተ ሲገባ። ቶሚን ከዓሣ አጥማጁ ከኦሞት ለምኖ ያመጣው ዝንጀሮ እንዲያባርርለት ነበር። ቶሚ ግን ሲጠሩት ዞር ብሎም አያይ። ና ሲሉት ይተኛል። ሂድ ሲሉትም ይተኛል... ቢያንስ አቋም አለው።

የአሸብር ልጅ ትርንጎ፣ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ሳህኗን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ውይ! አይሰማም እንዴ? ደንቆሮ ነው?»

አስረዳኋት። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ደሞዜም ለዚሁ ነው። አይሰማም ማለት አይታዘዝም ማለት ነው።

«እኔንም እኮ አትሰማም ይለኛል ቲቸር። እኔ ግን እሰማለሁ። የኔ ውሸቱን ነው። የቶሚ ግን እውነቱን ነው።»



ሰኔ 27

ማረጋገጫ ተገኘ። ትርንጎ ከውሻው ጀርባ ሁለት የድስት ክዳን አጋጨች። ቶሚ ንቅንቅ አላለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለነበር እኔም አልሰማሁም። ነገርኳት።

«እርስዎም ጆሮዎን ይታዩ።»

እራት ላይ አሸብር ቁርጡን ተናገረ። እሸቱ ሲደርስ ዝንጀሮ ካላባረረ፣ ውሻው ወደ መቱ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ይሰጣል።

«እኔንም አብረህ ስጠኝ» አለች። መብላቷን አላቋረጠችም።

ሐምሌ 9

ትምህርት ተጀምሯል። እጅ ወደ ላይ፣ ቁጭ በል። እጅ ወደ ደረት፣ ና። ጣት ወደ በቆሎው፣ ሂድ። ሽልማቱ የዓሣ ጭንቅላት። ዶፍ ቢወርድም አትቀርም። የኔ የክረምት ማጠናከሪያ በካፊያ ይቀራል።

ውሻው ፊት ማውራትም ከልክላለች። «ሰው ሲያወራ እሱ ሳይሰማ... ይከፋዋል።» ቤተሰቡ በእጅ ነው የሚነጋገረው። እናቷ እናትነሽ ወዳዋለች። «እሱ ዝም ሲል ቤቱ እንዲህ ደስ ይላል ለካ!» እሱ ያለችው አሸብርን ነው።

እኔ ደግሞ ስለ ውሻ ጆሮ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐምሌ 16

ቁጭ አለ! አንዴ። ከዚያ ዓሣውን በልቶ ሄደ።

ነሐሴ 2

ትርንጎን ወባ ይዟታል። ቶሚ ከመስኮቷ ሥር አልነቃነቅ አለ። ማሳው ያለ ጠባቂ... ዝንጀሮዎቹ የዳር ዳሩን በቆሎ ፈጁት። አሸብር ትንፍሽ ሳይል ገመድ አንስቶ፣ ውሻውን እየጎተተ ወጣ። እሱ ዝም ሲል ያስፈራል።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ መኪናው ቆሟል። ትርንጎ ቀድማኛለች። ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ መኪናው ፊት ተገትራለች። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ወንድሜ፣ ውሻውን ነው ልጅቷን የምጭነው?»

«ዞር በይ ከመንገድ!» አሸብር ጮኸ።

«አልሰማም!»

ሾፌሩ በሳቅ ሞተ። አሸብር አልሳቀም። ግንባሯን ነካ... ገመዱን ፈታ። «እስከ ቡሄ። ከዚያ አንድ ቀን አልጨምርም» አለና አዝሏት ተመለሰ። ቶሚ ከኋላ፣ ማንም ሳይጠራው።

ነሐሴ 12

ነገ ቡሄ ነው። የማሳው መጠበቂያ ማማ ላይ ተሰቅለናል፤ አባትና ልጅ፣ እኔም መጽሐፌን ይዤ። ትርንጎ ገና ከስታለች። ውረጂ ብንላት... አልሰማችም። (በየትኛው ትርጉም?)

ዝንጀሮዎቹ ከጫካው ወጡ፤ ወፍራሙ ከፊት። ቶሚ ከማማው ሥር ሆኖ እሷን እንጂ እነሱን አያይም። ጣቷን ቀሰረች።

ሄደ! ሳይጮህ። የሚጮህ ውሻ ለምደው ኖሮ፣ ዝም ብሎ የሚመጣ ሲያዩ ተደናገጡ። ወፍራሙ እሸቱን ጥሎ ፈረጠጠ። አሸብር ከማማው ሊወድቅ ነበር።

«የኔ ደንቆሮ!»

ከዚህ በላይ ሲያሞግስ ሰምቼው አላውቅም።

ጳጉሜ 3

ክረምቱን ኢታንግ ወርዶ የከረመው ኦሞት መጣ። ለበዓል ዓሣ ይዞልን። ቶሚ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል። ኦሞት በሩ ላይ እንደቆመ በራሱ ቋንቋ፣ በአኙዋክኛ አንዲት ቃል ጣል አደረገ። ጮክ እንኳ አላለም። ቶሚ ተፈናጥሮ ተነሳ፣ ሮጠ፣ እግሩ ሥር ቁጭ አለ።



«ደንቆሮ አይደለም እንዴ?» አለ አሸብር።

ኦሞት ግራ ገባው። «ደንቆሮ? እሱ ይሰማል። አኙዋክኛ ይሰማል። አማርኛ አይሰማም።»

የአማርኛ መምህሩ... ስለ ጆሮ ሳነብ ከረምኩ።

ትርንጎን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ታለቅሳለች ብዬ። ምንም። እጇን ወደ ደረቷ አመጣች። ቶሚ ኦሞትን ትቶ ወደ እሷ ሄደ።

«ይኸው፣ መጣ» አለችኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ ያለቀ ያህል።

ኦሞት እየሳቀ በስሙ ጠራው።

ስሙ ቶሚ አይደለም።