እንደማልመለስ ለወሰኑልኝ ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ባለው ቢሮ ከመስታወቱ በስተጀርባ ለሚቀመጡት ክቡር የቪዛ ኃላፊ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ የእምቢታ ማኅተም የሚመቱበት ቀኝ እጅዎ እንዳይዝል ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ የፓርክላንድሷ የውብዳር ዘገዬ፣ ከንዴት በስተቀር ምንም አላመመኝም።

እንደሚያስታውሱት፣ በእርስዎ አገር ነርስ የሆነችው ልጄ ሩሐማ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በእኛ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ባለችበት ስለሆነ፣ ሄጄ ላርሳት ብዬ ለወላጆችና ለአያቶች የሚሰጠውን የረጅም ጊዜ የጎብኚ ቪዛ በትሕትና ጠየቅሁ። አገርዎን ለማየት ጓጉቼ እንዳይመስልዎት፤ ስለ ብርዱ የነገረችኝ ይበቃኛል። ስለዋሉልኝ ውለታ ግን ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. የሐኪም ምርመራውንና የጤና ኢንሹራንሱን ካሟላሁ በኋላ፣ የሩሐማ እናት መሆኔን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አልበሙን ስገልጥ ውዬ በናፍቆት አልቅሻለሁ። የፎቶዎቹ ፖስታ ግን ከፓስፖርቴ ጋር የተመለሰልኝ ሳይከፈት፣ እኔው እንዳሸግሁት ነው።

፪ኛ. ጊዜው ሲያልቅ ወደ ናይሮቢ እመለስ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ «ጌታ ቢፈቅድ እመለሳለሁ» አልኩ። እኛ ዘንድ ገበያ የሚወጣ ሰው እንኳ እንዲህ ሳይል አይወጣም። እርስዎ ግን በእምቢታ ደብዳቤዎ ላይ «አመልካቿ መመለሷ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አምናለች» ብለው ጻፉ። ጌታን ከማይታመኑ ዋሶች መቁጠርዎ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ሳይቀር አስገርሟል።

፫ኛ. ናይሮቢ የሚያስመልሰኝ ነገር እንደሌለ ስላስረዱኝም እግዜር ይስጥልኝ። ባሌን የቀበርኩት እዚህ ነው፤ ሁርሊንግሃም ያለውን ምግብ ቤቴንም የማስተዳድረው እኔው ነኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስወጣ የበሩ ጠባቂ ፊቴን አይቶ በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና፣ ማማ»፣ አይዞሽ እናቴ ብሎ አጽናናኝ። በዚያ ሁሉ ሕንጻ ውስጥ ያዘነልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ቂም ይዣለሁ፤ አልዋሽዎትም። ስለዚህ እኔ ካልሄድኩ ልጄ ትምጣ ብዬ ሩሐማን ጠራኋት። እሷም አላመነታችም። ለመንግሥትዎ ግብር ሲገብር ከኖረው መሐንዲስ ባሏ ከኤልናታን ጋር ሥራቸውን ለቀው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ ባለፈው ሳምንት ጠቅልለው ገብተዋል። አንዲት አሮጊት አገርዎ ትቀራለች ብለው ሲፈሩ፣ በሆዷ ያለውን ጨምሮ ሦስት ሰው አስረክበውኛል። እንዲህ ያለ ቸርነት ከእርስዎ አልጠበቅሁም ነበር።

ሹመትዎን ያርዝምልዎ፣ ወንበርዎንም ያደላድልልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይበርድ ቂም ጋር እሰናበታለሁ።

የውብዳር ዘገዬ
ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ

ማስታወሻ፦ ሩሐማ ትሠራበት የነበረው የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ቸግሮት ደጋግሞ ደውሏል። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አትመለስም አልኳቸው። ከተጧሪዎቹ አንዷ ወላጅ እናትዎ ከሆኑ፣ እርስዎ ራስዎ ሄደው ያስታምሟቸው፤ ቪዛ አይጠየቁም።