የኢንተርኔታችን ሌባ እንዴት እንደተያዘ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለቁልፌ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጎንበስ ብለሽ የምትውይበት ወገብሽስ? ዓይንሽስ? ጣትሽ በመርፌ መወጋቱን ተወ ወይስ አሁንም እንደ ልጅነትሽ ጨርቁንም ጣትሽንም አብረሽ ነው የምትሰፊው? እጮኛሽስ እንዴት ነው? እኔ ስልክ ላይ ስመጣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ መቀመጡን አልተወም? ንገሪው፣ እኔ ፈተና አልሰጥም፤ የምሰጠው ምክር ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ አይጠቅምም። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንንም። አባትሽ ደህና ናቸው፤ ወንድምሽ ደህና ነው፤ እናትሽ ደህና ብቻ ሳትሆን ሰሞኑን እያንጎራጎረች ነው። የእሷን ማንጎራጎር የምታውቂው አንቺ ነሽና የቀረውን ገምቺው።

መቼም ይህ አጎቴ ስልክ እያለለት ምን ነክቶት ወረቀት ያበላሻል ትያለሽ። አንደኛ፣ ከደብዳቤው ጋር የምልክልሽ ትንሽ ጥቅል አለች፤ እሷ በስልክ አትገባም። ሁለተኛ፣ የምነግርሽን ነገር ስልክ ላይ ልነግርሽ ብሞክር የእናትሽ ጆሮ ከየትም ይደርሳል። ደግሞም መስመራችን አሁን ጥርት ብሏልና መልሼ የማጨናንቀው የመጀመሪያው ሰው እኔ መሆን አልፈልግም።

እናትሽ ልብስ መስፋት ከጀመረች አንስቶ ተሰቅሎ ያየችውን ቀሚስ አምና አታውቅም። ሙሽራ ቆማ አትውልም፣ ትራመዳለች ትላለች። ከዚህ ቤት አንዲት ሙሽራ እንኳ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሳትራመድላት ልብሷን ይዛ ወጥታ አታውቅም፤ እናትሽ አጭሯ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ከጠርዙ ሳትነቅል። ታዲያ የራሷ ልጅ የራሷን የሠርግ ቀሚስ በራሷ እጅ ሰፍታ፣ እሷ ወዳለሽበት አገር የምትመጣበት ወረቀት አልደርስ ብሎ እዚህ ቀርታ፣ በፎቶ ብቻ እሺ የምትል መሰለሽ? ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና «ፎቶ ይዋሻል፤ ትራመድልኝ» አለች። አንቺም በቪዲዮ ጥሪ ተራመድሽ፤ መስመሩ ግን አልተራመደም።

የመጀመሪያውን ቀን አትረሺውም። አንድ እግርሽን እንዳነሳሽ ምስልሽ ደርቆ ቀረ። እናትሽ ትንሽ ጠበቀችና «ይቺ ልጅ ይህን እግሯን መቼ ነው የምታወርደው?» አለች። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ከወገብሽ በታች ያለው ሁሉ በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ መጣ፤ እሷ መነጽሯን ጠርጋ «ጨርቁን እንዲህ የቆራረጠው ማን ነው?» ብላ ልትቆጣ ምንም አልቀራት። እኔ ሳቅኩ። ማታውኑ ግን መልእክትሽ ደረሰኝ። «አጎቴ፣ እሷ ሳታየው አለብሰውም። ለሠርጉ ተከራይቼ እለብሳለሁ፤ ይህንን ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ» ብለሽ ነበር። ቀሚስ በሣጥን! የእህቴ ልጅ በኪራይ ልብስ! እኔ ስንት የሞተ ሬዲዮ አስነስቼ አንዲት የዋይፋይ ሳጥን ታሸንፈኝ?

አሸነፈችኝ። መጀመሪያ ከፍ ቢል ይሻላል ብዬ ሳጥኑን ከመደርደሪያው አንስቼ በሪባን ከሳሎኑ አምፖል ጋር አሰርኩት። አባትሽ ከመኝታ ቤት ሲወጡ በግንባራቸው አገኙት። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን የወፍ ጎጆ አደረግከው እኮ!» አሉኝ ግንባራቸውን እያሹ። እኔም ጋሼ፣ ወፏን እንዳያስበረግጓት ቀስ ብለው ይለፉ አልኳቸው። ለሁለት ቀን አላናገሩኝም።

ከዚያ እጄን ሰጥቼ የመስመር ሠራተኛውን ጠራሁ። ትሁት ሰው ነው። ከውጭ የሚገባውን መስመር ለካና «ከእኛ የሚመጣው ደህና ነው፤ ችግሩ ከዚህ ነው። ቧንቧው አንድ ሆኖ ሳለ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንዴ ከፍታችሁት ነው። ማን ምን እንደሚያይ እዩ፤ ሁሉንም ዝጉና አንድ በአንድ ክፈቱ» አለኝ። እኔም ይህን ከመጀመሪያውም ያውቀው እንደነበረ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ቁልፌ፣ ሰው በገዛ ቤቱ ስንት ጉድ ይዞ እንደሚኖር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አባትሽ ኳስ በቴሌቪዥን ያያሉ፤ ያንኑ ኳስ ደግሞ በስልካቸው ይከፍታሉ። ለምን ብላቸው «ስልኩ ቀደም ይላል፤ ጎሉን በስልክ አውቄ በቴሌቪዥን ተረጋግቼ አየዋለሁ» አሉኝ። አንዱን ይዝጉ ስላቸው «እነዚህ እኮ ትንንሽ ሰዎች ናቸው፤ ምን ያህል ይበላሉ?» ብለው ተከራከሩኝ። ወንድምሽ በአንዱ ስክሪን ጌም ከፍቶ ይዋጋል፣ በሌላው ፊልም ያስሮጣል። ፊልሙን እኮ አታየውም ስለው «ስሞት ስሞት አየዋለሁ» አለኝ። አጎትሽማ ንጹሕ ነው እንዳትይ፤ የእኔም ስልክ የጓሮ ክፍሌ ውስጥ አንድ ሰውዬ የድምፅ ማጉያ ሲጠግን እያሳየ ለብቻው ይውል ነበር። እኔ ስወጣ የምዘጋው በሩን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እናትሽ ያለቀ ቀሚስ ልታደርስ ስትወጣ ሦስታችን ሳሎን ተሰበሰብን። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ስልኮቹን ሁሉ አጥፍተን ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው፤ የወንድምሽም ጦርነት በሰላም ተፈታ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ቀና አልን። የሳጥኑ መብራት ግን ልክ እንደ ተሯሯጠ ሰው ልብ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ነገር አሁንም እየጠጣ ነው!

አባትሽ ወዲያው ጎረቤታችንን ፀጉር አስተካካዩን ጠረጠሩ። «እኔ እኮ ታዝቤዋለሁ፤ ደንበኞቹን ቁጭ አድርጎ በእኛ መስመር ፊልም ነው የሚያሳያቸው! ለነገሩ ወረፋ አልደርስ ብሎን ፀጉራችንን ያስረዘመው ይህ ነው» አሉና ኮታቸውን አነሱ። እኔም ላስታርቅ ነው ብዬ ልከተላቸው ተነሳሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጭቅጭቁ እንዳያመልጠኝ ነው። አንድ እጃቸውን ኮቱ ውስጥ እንዳስገቡ ከወደ ኮሪደሩ ድምፅ ሰማን።

«ጨርቁን አትጎትቱት፤ መኪናው ራሱ ይውሰደው። የእናንተ ሥራ መንገዱን ማሳየት ብቻ ነው።»

ቁልፌ፣ ያንቺ ድምፅ ነበር። አባትሽ ግማሽ ኮት እንደለበሱ ደርቀው ቀሩ። «ልጄ መጣች እንዴ?» አሉኝ፤ እኔም ለአፍታ እንዲያው የመጣሽ መስሎኝ ወደ ኮሪደሩ ብቅ አልኩ።

ድምፁ የሚመጣው ካንቺ ክፍል ነው። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እናትሽ የስፌት መኪናዋን እዚያ አስገብታለች፤ ማንንም አታስገባም፣ ወለሉ ስፒል ነው ትላለች። ሦስት ወንዶች በእግር ጣታችን፣ ፍም እንደሚረግጥ ሰው እየዘለልን ገባን። መደርደሪያው ላይ፣ ከገበር ጨርቅ ጣቃዎቹ ጀርባ አሮጌዋ ታብሌት ቻርጀሯ ላይ ተሰክታ ቆማለች። ውስጧ አንቺ አለሽ፤ ኢንተርኔት ላይ በምትለቂው ቪዲዮሽ ሜትሩን አንገትሽ ላይ ጣል አድርገሽ እጅጌ እንዴት እንደሚገጠም ታስተምሪያለሽ። አንዱ ትምህርትሽ ሲያልቅ ሌላው ይተካል፤ እሱ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንዲህ ስትለፈልፊ ወራት ኖረሻል፤ የመኪናዋ ጩኸት፣ እሷ ስትቆም ደግሞ የአባትሽ ኳስ ሸፍኖሽ እኛ አልሰማንሽም። ያንቺን ቀሚስ እንዳናይ መስመሩን ሲበላብን የኖረው ሌባ አንቺው ራስሽ ነበርሽ!

እናትሽ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ ወለሉን አየችና «ክፍሌ የገባው ማን ነው?» አለች። አባትሽ ወደ እኔ ጠቆሙ፤ እኔ ወደ ወንድምሽ። ታብሌቷን ስናሳያት ግን ቅንድቧን ሰቅላ «ታዲያስ? ተመልካች እንዲበዛላት ነው። ብዙ ሰው ሲያየው ይጠቅማታል አላላችሁኝም?» ብላ ወደ ወንድምሽ ዞረች። «ሰው ይየው አልኩሽ እንጂ መደርደሪያው ይየው አልኩሽ?» አላት። አባትሽ ኮታቸውን አወለቁ፤ ፀጉር አስተካካዩም ምንም ሳያውቅ በሰላም ዋለ።

ታብሌቷ ተዘጋች፤ እሑድ አንቺ ደወልሽ። የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ካንቺ በኩል የማይታየውን ልንገርሽ። ምስልሽ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ መጣ። እናትሽ በርጩማዋን ከስክሪኑ ፊት አድርጋ ተቀምጣለች። «ተራመጂ» ካለችሽ በኋላ ምንም ሳትናገር ስትቆይ ፊትሽ እንደ ጠቆረ አይቻለሁ፤ አልወደደችውም ብለሽ ነበር መቼም። ቁልፌ፣ ተከፍታ አይደለም። እጇ ለምዶባት ሳታስበው ሁለት ስፒል ከንፈሯ ላይ ይዛ ነበር! ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ከስክሪን ፊት፣ ልክ ልትለካሽ እንደሆነ ሁሉ። ስትዞሪ እጇን ዘርግታ ጠርዙን ከስክሪኑ መስታወት ላይ በጣቷ አቃናችው። ከዚያ ስፒሎቹን አውጥታ ነው «ጠርዙ በግራ በኩል ግማሽ ጣት ይነሳ፤ ሌላው ይሁን» ያለችሽ። አንቺ ሳቅሽ፣ አለቀስሽ፣ ተሰናበትሽ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ከበርጩማዋ ሳትነሳ ቆየችና ለራሷ እንደሚናገር ሰው «ትከሻው ላይ እንዲህ አይቀመጥልኝም ነበር፣ እኔ ብሰፋው» አለች። ወዲያው ደግሞ እኔ መኖሬ ትዝ አላትና «ይህን እንዳትነግራት፤ ትኩራራለች» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም አልናገርም አልኳት። አልተናገርኩም፤ ጻፍኩት።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰኞ የእናትሽ መኪና ትንሽ ሄድ ይልና ይቆማል፤ ሄድ ይልና ይቆማል። አንዱን ስፌት ስትተረትር፣ መልሳ ስትሰፋ፣ መልሳ ስትተረትር ዋለች። «ቤቱ ጭር አለ» አለችኝ። ሬዲዮ ጠግኜ ወሰድኩላት። ጥቂት ሰማችውና «ይህ ሰውዬ ስለ ስፌት ምን ያውቃል?» ብላ ዘጋችው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተመልካች እንዲበዛ የሚባለው ለእኛ የተነገረ ሰበብ ነው። ስትሰፋ እንደ ድሮው አጠገቧ ሆነሽ እንድታወሪ ነበር የምትፈልገው።

ትምህርቶችሽን በሙሉ በአንዲት ሚሞሪ ላይ ጫንኩና ታብሌቷ ውስጥ ከተትኳት። አሁን ቀኑን ሙሉ ብትለፈልፊ ከመስመሩ ጠብታ አትወስጂም። እትዬ፣ እንኪ ልጅሽን፤ እንደ ልብሽ አስለፍልፊያት አልኳት። መኪናዋ በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አሁን እጓሮ ሆኜ ስሰማ ስትመልስልሽ ትውላለች። «እዚህ ጋ ተሳስታለች» ትላለች፤ ቆይታ ደግሞ «እ፣ አሁን ገና ገባት»።

ትናንት ለወንድምሽ የላክሽውን አይቻለሁ፤ ተመልካቾቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለምን እንዲህ ወረዱ፣ ምን አጥፍቼ ነው ብለሻል። ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ ቁልፍ። ያ ሁሉ ሕዝብ የት ገባ ብለሽ አትጨነቂ፤ አብዛኛው አንዲት ሴት ነበረች፣ ከንፈሯ ላይ ስፒል የያዘች። አሁንም እያየችሽ ነው፤ ብቻ አትቆጠርም።

በጥቅሏ ውስጥ ያሉት ለቀሚስሽ ጀርባ የሚሆኑ ቁልፎች ናቸው፤ ከላክሽላት ቁራጭ ጨርቅ እናትሽ በእጇ የሸፈነቻቸው። ከመካከላቸው ጠማማዋን ስታገኚ እናቴ እጇ ደከመ እንዳትይ፤ እሷን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። እናትሽ አይታ «ይህቺን ወዲያ ጣላት» ብላኝ ነበር፤ ደብቄ ጨመርኳት። ከውስጥ በኩል፣ ማንም ከማያያት ቦታ ስፊያት። መስመሩ ለአንቺ እንዲተርፍም ለሠርግሽ ቀን አባትሽ ኳስ በሁለት ስክሪን ላያዩ ምለዋል፤ በአንዱ ላያዩ ግን ገና አልማሉም፣ እየተደራደርን ነው።

እናትሽ ዓይንሽን ትስምሻለች፤ ግማሽ ጣቷን እንዳትረሺ ትላለች። አባትሽ ከግንባራቸው እብጠት ጋር ሰላም ይሉሻል። ወንድምሽ በሞተና በተነሳ ቁጥር ሰላም በልልኝ ብሏል። ፀጉር አስተካካዩም ሰላም ብሎሻል፤ ለምን በዚህ ሳምንት ሁላችንም እሱ ጋ እንደተስተካከልን አልገባውም። ለእጮኛሽ፣ አብራሽ ለምትሰፋው ጓደኛሽ፣ ለደጉ አከራያችሁም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አንቺን ደግሞ በሁለቱም ጉንጭሽ ስሜሻለሁ።

እንዳትነግራት ተብሎ የሚነግርሽ
አጎትሽ

ከጓሮው የሬዲዮ መጠገኛ ክፍሌ፣ የእናትሽ መኪና እየተሰማኝ
ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፬