ከወፍጮው በስተቀኝ ያለው ቤት

ለወንድምጋሼ ለእንግዳወርቅ ቢራቱ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ወንዙስ ደህና ነው? ድልድዩ አልተነቃነቀም? የአደባባዩ ድንጋይ ብርዱን ቻለው? የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት በወረርሽኝ ያለቁት የከተማህ ሰዎችስ እንዴት ከረሙ? እኛ ለእነሱ ስናስብ የራሳችንን ሟች ልንረሳ ምንም አልቀረን፤ ይመስገን፣ ደህና ነን።

አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። መርዶውን ነግሬህ፣ መቼ ትመጣለህ ብዬ አራት ጊዜ ጻፍኩልህ። አራቴም መልሰሃል፤ እግዜር ይስጥህ። በመጀመሪያው የጥንቱ ንጉሥ አንተ በምትኖርባት በሆርኒ ቮዳንካ ከተማ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ እንዲቆም መፍቀዳቸውን ነገርከኝ። ቀጥሎ ወንዙ ከተማዋን በሦስት ወገን መክበቡን፣ ከዚያ አራተኛውን ወገን የዘጋውን፣ አጃ የሚዘራበትን ኮረብታ ከፍታ በሜትር፣ በመጨረሻም ለወረርሽኙ መታሰቢያ የቆመውን የድንጋይ ቅዱስ። ዝምታም መልስ ነው ይባላል፤ አንተ ግን ዝም ማለት እንኳ አላወቅክበትም። ስልክህ ከለቅሶው ሳምንት ጀምሮ አይነሳም፤ አድራሻህ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው።

እማዬ የበኩር ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ሳያለቅስ ከሌን አላወልቅም ብለዋል። ለፋሲካ እንኳ በጥቁር ልብስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ሴቶቹ "ደግሞ ማን ሞተባችሁ?" ይሉኛል። "ወንድሜ" የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነው የመለስኩት።

ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ ነኝ። "እስቲ ያንን የድንጋይ ቅዱስ ድገሚልኝ" ሲሉኝ፣ አረጁ ብዬ አዘንኩ። ለካስ ፍንጭ ሲቆጥሩ ኖረዋል። አንድ ቀን ልጄን ዮዲን ጠርተው፣ "ከመስኮቴ የቅዱሱ ጀርባ ይታየኛል ብሏል፤ ቅዱሱ ጀርባውን የሰጠው ለስንት ቤት ነው?" አሏት። ዮዲ ስልኳ ላይ የከተማዋን ካርታ ከፍታ፣ "ኦንሊ ስሪ፣ አያቴ" አለች። "ወፍጮው በግራዬ ነው ይላል፤ ከወፍጮው በስተቀኝ ያለውስ?" "ዋን! ግሪን በር ያለው!" እማዬ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ልጄ ታሪክ እጽፋለሁ ብሎ ቤቱን ጻፈልኝ" አሉ።

እንግዲህ ሰኔ 10 ቀን ማክሰኞ፣ በገበያህ ቀን እንደርሳለን። ለቅሶ መቀመጫ ፍለጋ አትድከም፤ አደባባዩን የከበበ ባለቅስት በረንዳ እንዳለ ራስህ ነግረኸናል፤ ከድንኳን ይሻላል። የእማዬን ሙሾ ታውቀዋለህ፤ ድምፃቸው አልደከመም። ጎረቤቶችህ ከወረርሽኙ ወዲህ እንዲህ ያለ ለቅሶ አልሰሙም። መሸሽ ካማረህም፣ ከከተማዋ የሚያስወጣው ድልድይ አንድ ብቻ ነው ብለሃል። እዚያ የምቆመው እኔ ነኝ።

ቤትህ ውስጥ ማን እንዳለ ነግረኸን ስለማታውቅ፣ ለድንጋዩ ቅዱስ፣ ለወፍጮውና ለአጃው ኮረብታ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ሚስት ወይም ልጅ ካለህ፣ ለእነሱ ከልቤ ነው፤ እነሱ አልበደሉንም። ባለቤቴ ወንድሜነህ ሰላም ብሎሃል፤ ዮዲም "ሃይ" ብላሃለች። እማዬ ሰላምታ አልላኩም፤ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ።

እህትህ ብሩክታይት ቢራቱ
ላንድማርክ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.