በወፏ እንቁላል ዙሪያ ስላስነሱት ቅጠልና ድንጋይ

ለጨው ረግረግና ለባሕር ወፎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅቡቲ ከተማ
ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ ደህና ናት? እኛ ፀሐይ ላይ የምንውል ሰዎች ከሁሉ አስቀድመን ለእርሷ ጤና እንለምናለን፤ እርሷ በታመመች ቀን እርስዎም እንደማይገቡ በምልልስ ተምረናልና።

እኔ ባንቴ እባላለሁ፤ የካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ነዋሪና የገልባጭ መኪና ሾፌር ነኝ። ስለ ወፍ የማውቀውን ያወቅሁት ከማዕከላዊ ገበያ ካገኘሁት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ለውዝ ሻጯ ሐዲጃ ገጹን እየቀደደች ስትጠቀልልበት ደርሼ ስላስጣልኳት፣ ከገጽ አርባ በፊት ያሉትን ወፎች አላውቃቸውም።

ጉዳዬ የአሥር ቀን ጉዳይ ነው። የእህቴ ልጅ ሊሊ፣ ገና ሃያ ዓመቷ፣ ወደ የመን ልትሻገር ከአገር ቤት መጥታ እኔ ዘንድ አረፈች። እናቷ በስልክ አለቀሰች፣ እኔም ለመንኩ፤ አልሰማችንም። ጉዞዋን በአንድ ቀን እንኳ ባዘገየው ብዬ አንድ ዓርብ ፍላሚንጎ ላሳያት ወደ ረግረጉ ወሰድኳት። እዚያ አንዲት አሸዋ የምትመስል ትንሽ ወፍ ክንፏ እንደተሰበረ ሁሉ መሬት ለመሬት እየተጎተተች ከፊታችን ሄደች። ሊሊ አዘነችላትና ሻሿን ፈታ ልትይዛት ሮጠች፤ ወፏ ሩቅ ቦታ ካደረሰቻት በኋላ ደህና ሆና በረረች። ለካስ ከሦስት እንቁላሎቿ እያራቀችን ኖሯል! ሊሊ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያም ጫጩቶቹ ሲራመዱ ሳላይ አልሄድም አለች። በእኔ ግምት ከዛሬ ጀምሮ ለመፈልፈል አሥር ቀን ያህል ይቀራቸዋል። እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ማለቴ ምስጋናዬን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ወፎችን መረበሽ ክልክል መሆኑን በሦስት ቋንቋ ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ማስታወቂያው የቆመው ገልባጮቻችን በፈቃድዎና በማኅተምዎ አፈር ለመድፋት በሚዞሩበት ቦታ ስለሆነ፣ ዘወር ባልን ቁጥር እናነበዋለን። እኔም በቀን አምስት ጊዜ እደፋለሁ፤ ድርሻዬን አልክድም።

2. እንቁላሎቹ ያሉት መኪኖቹ በሚዞሩበት በዚያው ቦታ ነው። ስለዚህ የአገሬ ሾፌር መኪናው መንገድ ላይ ሲበላሽበት የሚያደርገውን አደረግሁ፤ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጬ ከድንጋይ ጋር ዙሪያውን ደረደርኩ። ይህን የቅጠል ጽሕፈት ክቡርነትዎ ላያውቁት ይችላሉ፤ የእኛ ሰው ግን ቅጠል መንገድ ላይ ሲያይ ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፋል። ለአማቱ እንኳ ፍሬን የማይዘው ባልደረባዬ ፀጋው ሳይቀር ወደ ኋላ እየነዳ ለቅጠሉ ሲዞርለት አይቻለሁ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ እዚያ አንድ ከባድ መኪና የሰመጠ ይመስላቸዋል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድም ጎማ ወደ እንቁላሎቹ አልቀረበም።

3. ረቡዕ ዕለት ግን ትጉሁ ጥበቃዎ ቅጠሉንም ድንጋዩንም አንስቶ፣ ወደ ጥብቅ ሥፍራ ባዕድ ነገር አስገብተሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። በየቀኑ የሚደፋው አፈር ባዕድ ሳይሆን ሦስት ቅርንጫፍ ባዕድ መሆኑን ስላስተማሩኝ ባለውለታዎ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሊሊና እኔ ያለ ጎብኚ ፈቃድ እንዳንገባ ተከልክለናል። አፈር ጭኜ ስመጣ በሩ ይከፈትልኛል፤ ባዶ እጄን ወፍ ለማየት ስመጣ ይዘጋብኛል።

4. ለፈቃዱ መጀመሪያ ፎቶ አምጣ ተባልኩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ማኅተም የሚመታው አልገባም ተባልኩ፤ በሦስተኛው ሰባት ሰዓት ሆኖ፣ ጫት ደርሶ ቢሮው ተዘግቶ ነበር። መልሱ በሠላሳ ቀን ይሰጣል። ይህን ለእንቁላሎቹ የነገራቸው ሰው የለም።

ክቡር ሆይ፤ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ቅጠሉ መነሳቱን ለሊሊ ስነግራት፣ አጎቴ፣ እሷም ተነሺ ተባለች በለኛ፣ አለችና ሻንጣዋን አወጣች። እኔ ካሁን በፊት ሁለት የጎረቤት ልጆች ባሕር ዳር ድረስ ሸኝቻለሁ፤ ደርሻለሁ ብላ የደወለችልኝ አንዷ ብቻ ናት። ሊሊን በሦስት እንቁላል እንጂ በሌላ ነገር ማስቆም አልቻልኩም፤ እንቁላሎቹን ደግሞ በቅጠል እንጂ በሌላ ነገር ማስቆየት አልቻልኩም። የምለምነው ቅጠሉ እንዲመለስና ለአሥር ቀን እንዳይነሳ፣ እርሷም ከበሩ ገብታ እንድታይ ነው። በጀት አይጠይቅም። ቅጠሉ ሕግ የሚጥስ ከሆነ፣ ጥበቃዎ ራሱ እዚያ ይቁም፤ ሾፌሮቹ ለእርሱም እንዲዞሩለት እኔ እነግራቸዋለሁ።

በቢሮዎ ደጃፍ ብዙ ቆሜ ወንበሮቹን አንድ በአንድ የለየሁ፣ ማኅተምዎን ከሩቅ የማከብር፣ ትሑት አፈር ደፊዎና የሊሊ አጎት፣
ባንቴ

ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የታከለ፦ ትናንት ሊሊን የሚያሻግረው ደላላ ዘንድም ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ማስታወቂያ የለም፤ ማኅተምም የለውም። አሥር ቀን እንዲያቆያት ስለምነው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለወፍ ብዬ ስነግረው ሳቀብኝ፤ ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ፣ ያለ ፎቶ፣ እሺ አለኝ። ልጆቻችንን ባሕር ላይ መላክ ሥራው የሆነው ሰው ፈቅዷል። የቀረው ወፍ መጠበቅ ሥራው የሆነው ሰው ፈቃድ ብቻ ነው።