ከሁለቱ ጫማ አንዱን ብቻ ምረጡ ላሉን የትጥቅ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የክለባችን የስፖርት ትጥቅና ንብረት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ማኅተም የሚያሳርፈውን ቀኝ እጅዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኔ በመዝገብዎ ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ የምገኘው የማራቶን ሯጭ፣ እግዜር ይመስገን፣ በሁለት እግሬ እየሄድሁ ነው። ይህን መጻፌ በክለባችን ሁሉም ሰው እንዲህ ማለት ስለማይችል ነው።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁትም በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ መሳቢያዎ ውስጥ ተመችቷቸው ስለተኙ፣ እነሱን ላለመቀስቀስ ብዬ ነው።

1ኛ. «አንድ ሯጭ፣ አንድ ጥንድ ጫማ» የሚለውን መመሪያ ስላወጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ አንዱ «ለፍጥነት ልምምድ»፣ ሌላው «ለማራቶን ውድድር» ይላል፤ ከሥሩም ሁለቱንም የመረጠ ምንም እንደማይሰጠው ተጽፏል። እኛ አላዋቂዎቹ የልምምዱ ጫማ ሶሉ ስስና ጠንካራ፣ ለአጭር ርቀት ምልልስ የተሠራ ነው፤ የውድድሩ ደግሞ ወፍራም ሆኖ እግርን ወደፊት እየገፋ አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር የሚያስጨርስ፣ በልምምድ ካደከሙት ግን ለውድድር ቀን የማይተርፍ ነው ብለን እናምን ነበር። ስለዚህ አንዱን የመረጠ የሚወዳደርበት አጣ፣ ሌላውን የመረጠ የሚለማመድበት አጣ፤ ከገበያ ገዝቶ መሮጥም በዚያው መመሪያ ተከለከለ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሲባል እሰማ ነበር እንጂ በቅጽ ሲሞላ ያየሁት ያኔ ነው። አሠልጣኛችን ሊያስረዳዎ ቢሮዎ ድረስ በመጣ ጊዜም «ጫማ ጫማ ነው» ብለው በሦስት ቃል ስለገላገሉት እሱም ያመሰግናል።

2ኛ. ችግር ብልሃት ያስተምራል። አንድ ክፍል የምንጋራ አንዲት ልጅ አለች፤ ትንሽ ስለሆነችና ከተነሣች ስለማትያዝ ቁንጫ እንላታለን። እግራችን እኩል ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነው። ተማክረን እሷ የልምምዱን፣ እኔ የውድድሩን መረጥን። ማክሰኞ እሷ ስፒድ ትሠራበታለች፣ ሐሙስ እኔ፤ በመካከሉ ጫማው መስኮታችን ላይ ይናፈሳል። አንድ ጫማ የሁለት ሰው ሩጫ ችሎ በዓመቱ መጨረሻ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን አልቆ ነበር። የውድድሩን ግን አንድ ያላት እንቅልፍ የላትም እንዲሉ ከአልጋዬ ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ ጠበቅሁት። የጠበቅሁት ለራሴ አልነበረም። ከዓመቱ የማጣሪያ ማራቶን ሦስት ሰው ብቻ በክለቡ እንደሚቀር፣ የቀረው እንደሚሰናበት የወሰናችሁት እርስዎና ባልደረቦችዎ ናችሁ። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የሮጥሁትን ሮጫለሁ። ቁንጫ ግን ሁለት ታናናሾቿን የምታሳድገው በእግሯ ነው፣ ደግሞም ከእኔ ትፈጥናለች። ስለዚህ የውድድሩን ጫማ እሷ ልታደርግ፣ እኔ ያለቀውን አድርጌ እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ላሯሩጣትና ከውድድሩ ልወጣ ተስማማን።

3ኛ. በማጣሪያው ቀን፣ ሩጫው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ተቆጣጣሪዎን መዝገብ አስይዘው መነሻው መስመር ድረስ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እያንዳንዷን የጫማ ምላስ እየገለጠ ቁጥር አነበበ፤ ቁንጫ ያደረገችው በእኔ ስም ወጪ የሆነ ነውና አውልቁ፣ ተለዋወጡ አለን። አሠልጣኛችን ለመነ፤ እኔም ለመንሁ፤ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ንብረት በስሙ ላለ ሰው ነው አለ። አስፋልቱ ላይ ተቀምጠን ተለዋወጥን። እግሬን ሳስገባ ጫማው ገና የእሷ ሙቀት ነበረው። እሷ፣ አፈር ልብላላት፣ እየሣቀች «ምን ይደረግ እትዬ፣ አንቺ ሩጪበት» አለችኝ።

በሠላሳ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ በዚያ በጎበጠ ተረከዝ፣ የእግሯ አጥንት ተሰነጠቀ። ከፊቴ ነበረች። አንድ እግሯን አንጠልጥላ የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ስትቆም አየኋት። ተቆጣጣሪዎ መዝገቡ ላይ የማያገኘውን እዚህ ላስመዝግብ፦ እኔ አልቆምሁም። ጫማው ገፋኝ ብል ውሸት ነው፤ የሮጥሁት እኔው ነኝ። በአጠገቧ አልፌ ሄጄ ሦስተኛ ወጣሁ።

4ኛ. ቦታው የእሷ ነው፣ ለእሷ ይሰጥልኝ ብዬ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ወንበር ስበው አስቀምጠው ቦታ እንደ ጫማ አይዋዋሱትም ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ እውነትዎን ነው። በዚያው ሳምንት ለእኔ የመመሪያውን ውጤታማነት በተግባር ያስመሰከረች የሚል የምስጋና ወረቀት፣ ለእሷ ደግሞ ውድድሩን ባለማጠናቀቋ የስንብት ደብዳቤ ወጣ። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ ያው የእርስዎ ነው፣ በጣም ያምራል። ሐኪሙ በክራንች ትሄጃለሽ፣ ሩጫውን ግን እርሽው ብሏታል።

ምን ይደረግልሽ ብለው እንዳይጨነቁ። የምጠይቀው የለኝም። መመሪያው ይሻሻል ብዬ ጉባኤ እንዳላስቸግር፣ የሚቀመጠውም የሚወስነውም እርስዎ ነዎት። በየማለዳው ከእንቅልፌ እነሣለሁ፣ ያንን ጫማ አያለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። አሠልጣኙ ምን ሆነሻል ይለኛል። ጫማውን አሳየዋለሁ።

መዝገብዎ አይጉደል፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ መጋዘንዎም ማንም ሳያደርጋቸው በሚያረጁ ጫማዎች እንደተሞላ ይኑር እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት
በሰው ጫማ ሳይሆን በሰው ቦታ የሮጠችው

ማሳሰቢያ፦ ያሰናበቷትን ልጅ ከመዝገብዎ መሠረዙን ስለረሱት የአዲሱ ዓመት የጫማ መምረጫ ቅጽ በስሟ ደርሷታል። ሦስት ቀን ሙሉ አልጋዋ ላይ ሆና እያገላበጠች፣ ለመራመድ የሚለው ሳጥን የቱ ጋ ነው እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ ስላላገኘሁት መልሱን ለእሷው ይላኩላት። መቼም ቢልኩት ያገኛታል፤ የትም አትሄድም።